ሂውስተን ቤት ልገዛ ነው፤ የሃርቪን ጎርፍ ያያችሁ እስቲ አናግሩኝ

ከዳላስ_መጪ

ሰላም ለቤቱ። ባለቤቴ ሂውስተን ሥራ አግኝታለች፤ በሚቀጥለው ወር ጠቅልለን ልንገባ ነው። በምዕራብ በኩል፣ ኬቲ አካባቢ አንድ ቤት ዓይኔ ውስጥ ገብቷል። አራት መኝታ፣ ሰፊ ጓሮ፣ ኩሽናው አዲስ የታደሰ። ዋጋውም ከሰፈሩ ቤቶች ትንሽ ወረድ ይላል። ሪልተሩ (የቤት ደላላው) «ፍለድ ዞን (ጎርፍ ያሰጋዋል ተብሎ በካርታ የተለየ ቦታ) ውስጥ የለም፣ የጎርፍ ኢንሹራንስም አያስፈልግህም» አለኝ። ባለቤቴ ግን በ2017 ሂውስተንን የመታውን አውሎ ነፋስ ሃርቪን በቲቪ ያየችው እስካሁን ከዓይኗ አልጠፋም። «ሳታጣራ እንዳትፈርም» ብላኛለች። እውነት ያን ያህል ያሰጋል? ወይስ እሷ አብዝታው ነው?

ባለካምሪው

ሚስትህን ስማ ወንድሜ።

እኔ ያኔ ሂውስተን ውስጥ አሊፍ የሚባል ሰፈር ነበርኩ፣ ምድር ላይ ያለ አፓርታማ ውስጥ። ታክሲ ነበር የምሠራው። ሃርቪ ኦገስት 25 አርብ ማታ ሮክፖርት አጠገብ ከባሕር ሲወጣ ደረጃ 4 ነበር፤ ነፋሱ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ። እኛም ነፋሱን ፈርተን መስኮት ላይ ቴፕ ስንለጥፍ ዋልን። ነፋሱ እኛ ጋ ሳይደርስ በረደ። ቅዳሜ ቀኑን ያን ያህልም አልነበረም። «ይሄ ነው እንዴ?» ተባባልን። ማታ የሜይዌዘርና የማክግሬጎር ቡጢ ስለነበር ጓደኛዬ ቤት ተሰብስበን አየን። ስንወጣ መንገድ የሚባል ነገር የለም።

ካምሪዬ ገና የ14 ወር ዕዳ ነበረባት። ቆሜ አየኋት። መጀመሪያ ጎማዋ ጠፋ። ከዚያ በሩ። መብራቷ በራሱ ጊዜ በርቶ ውሃ ውስጥ ብልጭ ብልጭ ሲል ቆየ። ጡሩምባዋም ማንም ሳይነካው ይጮህ ጀመር። እንደ ከብት ነው የጮኸችው። ግቢው ውስጥ ያሉት መኪኖች ሁሉ እንደዚያው ነበሩ፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይጀምራል። ከዚያ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

ወደ ቤቴ ለመድረስ ወገቤ ድረስ ገብቼ ነው የሄድኩት። በስልኬ መብራት ሳይ ቡናማ ምንጣፍ የመሰለ ነገር እየተንሳፈፈ ወደ እኔ ይመጣል። በእጄ ገፋሁት። ቀዩ ጉንዳን ነበር። ጎርፍ ሲመጣ እርስ በርሱ ተያይዞ ይንሳፈፋል፤ ያኔ አላውቅም። ለሳምንት እጄ አብጦ ሰነበተ።

ያ ማታ ያስተማረኝ ሁለት ነገር ነው። ዶፍ ይመጣል ከተባለ መኪናህን ቀድመህ ፎቅ ያለው ፓርኪንግ ላይ አውጣ። መንገድ ላይ ውሃ ካየህ ደግሞ አትግባበት። እኔ ያጣሁት መኪናዋን ብቻ ነው። ከነመኪናቸው የቀሩ ብዙ ናቸው።

ዝም_አልልም

ሰውን አታስፈራሩት እንጂ! ሃርቪ እኮ በ1000 ዓመት አንዴ የሚመጣ ነው ተብሏል። መጥቷል፣ አልፏል። የልጅ ልጅህም አያየውም። ቤቱ ርካሽ ከሆነ ግዛ።

የውሃ_መሐንዲስ

ዝም አልልም፣ ባክህ ለዛሬ ዝም በል 😄

ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። «የ100 ዓመት ጎርፍ» ማለት በየ100 ዓመቱ ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ ማለት አይደለም። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው። የ30 ዓመት ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ስትፈርም ይሄ 1 በመቶ ተጠራቅሞ ከአራት አንድ ይሆናል። ከአራት አንድ ዕድል ያለውን ነገር ማን ነው በንቀት የሚያልፈው?

ሂውስተን ደግሞ በተከታታይ ሦስት ዓመት ተመታለች። በ2015 በሜሞሪያል ዴይ፣ በ2016 በኤፕሪል፣ በ2017 ሃርቪ። በ2019 ኢሜልዳ የምትባል ሌላ ማዕበል መጣች። ሜየርላንድ አካባቢ ቤታቸውን አድሰው ሳይጨርሱ እንደገና ውሃ የገባባቸው ሰዎች አሉ።

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ከተማዋ ጠፍጣፋ ናት። አፈሩ ሸክላ ስለሆነ ውሃ ቶሎ አይመጥም። ድሮ ውሃውን ይይዝ የነበረው ሣር ሜዳ አስፋልትና ኮንክሪት ለብሷል። ባዩ የምንላቸው ወንዞች ቀርፋፋ ናቸው፣ ወደ ባሕር ለመሄድ ቁልቁለት የላቸውም። መንገዶቹ ራሳቸው የተሠሩት ዝናብ ሲበዛ እንደ ቦይ ውሃ እንዲይዙ ታስቦ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ውሃ ማየት እዚህ ብልሽት አይደለም። ቤትህ ከመንገዱ ምን ያህል ከፍ ይላል? እሱን ነው ማየት ያለብህ።

ሃርቪን የተለየ ያደረገው መቆሙ ነው። ሌላው አውሎ ነፋስ መትቶ ይሄዳል። ይሄኛው ግራና ቀኝ ከፍተኛ የአየር ግፊት ይዞት እዚያው ሲሽከረከር ቀናት ቆየ። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሙቅ ውሃ እየቀዳ እኛ ላይ ያፈሳል። ኔደርላንድ የምትባል ከተማ ላይ 60.58 ኢንች ተለካ፣ ከ1500 ሚሊሜትር በላይ ማለት ነው። አዲስ አበባ ክረምቱንም በልጉንም ጨምራ በዓመት የምታገኘው 1200 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የአገሪቱ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት የዝናብ ካርታው ቀለም አልበቃ ብሎት ሁለት አዲስ ዓይነት ሐምራዊ ጨመረ።

ዘቢባ_ኬቲ

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ኬቲ ስላልክ ነው የምጽፈው። እኛ ያኔ ከባርከር ግድብ ጀርባ ነበርን። ውሃ የገባብን ዶፉ ሲወርድ አይደለም። ዝናቡ ጋብ ሲል «አልሐምዱሊላህ፣ ተረፍን» ብለን ቡና አፈላሁ። ጎረቤቶችም መጡ። ከዚያ ባለቤቴ ወጥቶ መንገዱ ዳር ድንጋይ አስቀመጠ፣ ውሃው የት ድረስ እንደሆነ ለማወቅ። ከሰዓት በኋላ ድንጋዩ የለም። ዝናብ የለም፣ ውሃው ግን ይጨምራል። ፀጥ ብሎ። ጎርፍ ሲባል የሚያጉረመርም ነገር ነበር የሚመስለኝ።

ቤት ውስጥ መጀመሪያ የገባው በበር አይደለም። በመታጠቢያ ገንዳው ቀዳዳ ነው ሽቅብ የመጣው፣ ሽታውን አልነግራችሁም። ልጆቹን ፎቅ አወጣን። እኔ ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልዬ ስወጣ ወደ ኩሽና ዞሬ አየሁ። ገና ያልተከፈተ የጤፍ ከረጢት ወለሉ ላይ ነበር። ውሃ ጠጥቶ አብጦ ፈንድቷል፣ ሊጡ ሳሎኑን አልብሶታል። እናቴ ከሐረር የላከችልኝ መሶብ ደግሞ ክዳኑን እንደደፋ ከክፍል ክፍል ይንሳፈፋል። ሳቄ መጣ። ሁሉን ትተን መሶቡን ስናሳድድ ልጆቹም ሳቁ።

በማግስቱ ከሉዊዚያና የመጡ ሰዎች በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ አወጡን። «ካጁን ኔቪ» ይሏቸዋል። ወታደሮች አይደሉም፣ የራሳቸውን ጀልባ በመኪና እየጎተቱ የመጡ ተራ ሰዎች ናቸው። አንድ ሽማግሌ ልጄን ሲያቅፋት «የመጀመሪያ ጊዜሽ ነው ጀልባ ላይ?» አላት። በ2005 በአውሎ ነፋስ ካትሪና ጊዜ እሱም እንደዚህ ወጥቶ እንደነበር ነገረን።

አርብ ሴፕቴምበር 1 አረፋ ነበር። በሰው ልብስ ነው የሰገድነው።

ከዳላስ_መጪ

እቴ፣ እንኳን ነፍስ ተረፈ። ግን አልገባኝም። ግድብ ከጎርፍ ሊከላከል አይደል የሚሠራው? ከግድቡ ጀርባ እንዴት ቤት ይሠራል?

የውሃ_መሐንዲስ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቤት ከመግዛትህ በፊት ካርታ ላይ ሁለት ስም ፈልግ፦ አዲክስ እና ባርከር። በ1929ም በ1935ም ጎርፍ መሐል ከተማውን ሲያጥለቀልቀው በ1940ዎቹ የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች የሠሯቸው ናቸው። ውሃ የሞላበት ሐይቅ ከጠበቅህ አታገኝም። በአዘቦቱ ደረቅ ናቸው። ኳስ ሜዳ፣ የብስክሌት መንገድ፣ ደን። ሰው ግድብ ውስጥ እየሮጠ ግድብ መሆኑን አያውቅም።

መንግሥት የያዘው መሬት ግን ግድቡ ሲሞላ ውሃው ሊደርስበት የሚችለውን ሁሉ አይሸፍንም። የተረፈው የግል መሬት ነበር። ከተማው ሲሰፋ እዚያ ላይ ሰፈር ተሠራበት። በሃርቪ ጊዜ ውሃው የመንግሥትን መሬት አልፎ ሳሎን ገባ። እህት ዘቢባ ያየችው ያንን ነው። ከዚያ ግድቡ ከአቅሙ በላይ እንዳይሆን ኦገስት 28 በሮቹ ተከፈቱ። ያ ውሃ ደግሞ በቡፋሎ ባዩ ወርዶ ከግድቡ በታች ያሉትን ቤቶች አጥለቀለቀ። ከላይም ከታችም ሰው ከሰሰ። በ2019 መጨረሻ ፍርድ ቤት ከግድቡ በላይ ላሉት ባለቤቶች መንግሥት ተጠያቂ ነው ብሎ ፈረደ።

አሁን አስተውል። ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ በካርታው ላይ ፍለድ ዞን ውስጥ አልነበሩም። ካርታው የሚሠራው የወንዝ ሙላትን አስቦ ነው። የግድቡን ኩሬ አይቆጥርም። ሂውስተን ባለችበት በሃሪስ ካውንቲ ውሃ ከገባባቸው ከ150 ሺህ በላይ ቤቶች አብዛኞቹ ከ100 ዓመቱ መስመር ውጪ ናቸው። ሪልተርህ «ዞኑ ውስጥ የለም» ሲል አልዋሸህም። ግን ምንም አልነገረህም።

ከስቶክሆልም

ከሩቅ ሆኜ አንድ ነገር ልጠይቅ። ትንበያው ቀድሞ ከታወቀ ሰዉ ለምን ከከተማው አልወጣም?

ባለካምሪው

ወጥተን አይተነው ነዋ። በ2005 አውሎ ነፋስ ሪታ ስትመጣ፣ ካትሪና ኒው ኦርሊንስን ካጠፋች ገና አንድ ወር አልሞላትም ነበርና ሁሉም ደንግጦ ወጣ። ወደ ዳላስ ለመድረስ 20 ሰዓት ከዚያም በላይ የፈጀባቸው አሉ። ቤንዚን አለቀ፣ ሙቀቱ ልክ የለውም። የአረጋውያን መጦሪያ ሰዎችን የጫነ አውቶቡስ ተቃጥሎ 23 ሰው ሞተ። በጠቅላላው በዚያ ሽሽት ከ100 ሰው በላይ ነው ያለቀው። ሪታ ራሷ ግን አቅጣጫ ቀይራ ሂውስተንን ስታ አለፈች።

ስለዚህ በሃርቪ ጊዜ ከንቲባው ተርነር «ቤታችሁ ቆዩ» አለ፤ ገዥው አቦት ደግሞ መውጣቱ ይሻላል ሲል ነበር። እስከዛሬ ያጨቃጭቃል። እኔ ከንቲባው ልክ ነበር ባይ ነኝ። ያን ሁሉ ሰው መንገድ ላይ አስቡት፣ ያ ውሃ ሲመጣ። ጆርጅ ብራውን የስብሰባ ማዕከል 5 ሺህ ሰው እንዲይዝ ታስቦ 10 ሺህ ገደማ ገባበት። የሶፋ ሱቅ የከፈተልንም ነበር። ሰዉ ለሽያጭ የተዘጋጀ ፍራሽ ላይ ነው የተኛው።

የደቻቱ_ልጅ

ይሄን ክር ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። በ1998 በእኛ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በላ። ሰፈራችን ጠዋት ሲታይ አሸዋ ብቻ ነበር። እናቴ ያንን አይታለች።

በ2017 እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ሂውስተን ነበረች። ቅዳሜ ማታ ዝናቡ ሲበረታ ማንንም ሳትጠይቅ ልጆቹን ቀስቅሳ ፎቅ አወጣች። ውሃ፣ ዳቦ፣ ባትሪ፣ ሻማ። «እማዬ ተይ፣ እዚህ እኮ አሜሪካ ነው» አልኳት። «ጎርፍ የሚመጣው ሌሊት ነው» አለችኝና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በየሰዓቱ የውሃውን ድምፅ ትሰማለች። እኛ ሰፈር መንገዱን ሞልቶ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ለእሷ ግን የገረማት ሌላ ነው። ደቻቱ በሰዓታት ውስጥ መጥቶ ሄደ። የሂውስተኑ ቀናት ቆሞ ቀረ። «ይሄ ምን ዓይነት ጎርፍ ነው፣ አይሄድም እንዴ?» ትል ነበር በመስኮት እያየች።

አሁንም ድሬ ስደውል ዝናብ መኖር አለመኖሩን ነው መጀመሪያ የምትጠይቀኝ። ልጆቹን ከዚያ ቀጥላ።

ወረቀት_አንባቢዋ

ሰው ሁሉ ስለ ውሃው ያወራል። እኔ ስለሚቀጥለው ላውራ። ከሃርቪ በኋላ እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ብዙ ወገኖቻችን ፎርም ስሞላ ነበር፤ በጣም ያናደደኝ ነገር አለ።

የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይከፍልም። አይከፍልም! ጣሪያህ በነፋስ ቢገነጠልና ዝናብ ቢገባ ሊከፍል ይችላል። ከመሬት የተነሳ ውሃ ከሆነ አይመለከተውም። ሰዎች በየወሩ ሲከፍሉ ኖረው ያንን ያወቁት ውሃው ውስጥ ቆመው ስልክ ሲደውሉ ነው። የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ነው የሚገዛው። በፌዴራሉ ፕሮግራም ለቤቱ እስከ 250 ሺህ፣ ለዕቃ እስከ 100 ሺህ ዶላር ይሸፍናል። የተገዛ ዕለት አይጀምርም፣ ባብዛኛው 30 ቀን ይጠበቃል። አውሎ ነፋሱ በቲቪ ከታየ በኋላ መሯሯጥ ከንቱ ነው። ከፍለድ ዞን ውጪ ላለ ቤት ዋጋው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ተከራይም ለዕቃው መግዛት ይችላል፤ ይሄን ማንም አይነግረውም።

«ፊማ (የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) ይከፍላል» የሚሉ አሉ። በዚያ ዓመት ፊማ ለአንድ ቤተሰብ ይሰጥ የነበረው ትልቁ 33,300 ዶላር ነው። ትልቁ! ብዙ ሰው ያገኘው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ኤስ ቢ ኤ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ደግሞ ብድር ነው፣ ከነወለዱ ይመለሳል። አንድ አባት ደብዳቤው ደርሷቸው «ልጄ፣ አጸደቁልኝ» ብለው ደስ ብሏቸው መጡ። ሳነብላቸው ብድር ነው። እንዴት ልንገራቸው?

ለገዢው የሚሆን አንድ ነገር። ከሴፕቴምበር 2019 ጀምሮ በቴክሳስ ሻጭ ቤቱ ከዚህ በፊት ውሃ ገብቶበት ከሆነ፣ ግድብ ኩሬ ውስጥም ከሆነ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ሕጉ ያስገድዳል። ቅጹን ሳታነብ አትፈርም። «አላውቅም» የሚል ምልክት ካየህ ደግሞ ቆም በል።

አስተዳዳሪ

ክሩ ጥሩ እየሄደ ነው። የሪልተሮችንና የኢንሹራንስ ድርጅቶችን ስም የያዙ ሁለት መልእክቶች አንስቻለሁ። ቅሬታችሁን ጻፉ፣ ስም ግን ይቅር።

የሰንበት_ልጅ

ስለ ጽዳቱ ማንም አላነሳም። ሃርቪ ማለት ለእኔ ሺትሮክ (የግድግዳው የጂፕሰም ሰሌዳ) ነው። ውሃ የነካው ግድግዳ በሁለት ሦስት ቀን ሻጋታ ያወጣል። ስለዚህ ውሃው እስከ ጉልበት ቢሆንም ግድግዳውን ከዚያ በላይ ቆርጠህ ትጥላለህ። ብዙዎቻችን 1 ሜትር ከ20 ላይ ነው የቆረጥነው። ሙሉ ሺትሮክ ወርዱ ይሄው ስለሆነ አንዱን አጋድሞ መግጠም ይቀላል። ውስጡ ያለው ጥጥ መሳይ ነገር ውሃ ጠጥቶ እንደ እርጥብ በግ ይከብዳል።

ከቤተ ክርስቲያን ተሰባስበን ቤት ለቤት ስንሄድ ሁለት ሳምንት ሆነን። የ2010 እንቁጣጣሽ የዋለው ሰኞ ነው። እኔ መዶሻ ይዤ አንድ እናት ቤት ነበርኩ። አደይ አበባ የለ፣ ቄጤማ የለ። መንገዱ ግራና ቀኝ ፍራሽ፣ ፍሪጅ፣ የልጆች መጫወቻ፣ የሰርግ ፎቶ ተከምሯል። እሳቸው ግን በዚያ ሁሉ መሐል ጋዝ ምድጃ አቀጣጥለው ዶሮ ሠርተዋል። ግድግዳ የሌለው ሳሎን ውስጥ፣ እንጨቱ አጥንቱ እየታየ፣ ማስክ አገጫችን ላይ አውርደን በላን። ሙዳዩን ከጎረቤት ነው የተዋሱት።

ዝም_አልልም

እሺ ተሸነፍኩ። ግን ከዚያ በኋላ ምንም አልተሠራም ልትሉን ነው?

የውሃ_መሐንዲስ

ተሠርቷል። በ2018፣ ሃርቪ በመጣ ልክ በዓመቱ፣ የሃሪስ ካውንቲ ሕዝብ ለጎርፍ መከላከያ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ በድምፁ አጽድቋል። ባዩ እየሰፋ ነው፣ ኩሬ እየተቆፈረ ነው። ከተማው ውስጥ ከሴፕቴምበር 2018 ወዲህ ጎርፍ በሚያሰጋው ቦታ የሚሠራ አዲስ ቤት ከ500 ዓመቱ የውሃ ልክ 60 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ማለት አለበት። ግን ሃርቪ ያደረሰው ጉዳት 125 ቢሊዮን ዶላር ነው። ሁለቱን አስተያያቸው።

ባለካምሪው

በ2024 የመጣችውን አውሎ ነፋስ ቤሪልን አትርሷት። ደረጃ 1 ብቻ ናት ብለን ናቅናት። ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ በጁላይ ሙቀት መብራት አጣ። ጄነሬተር የምትገዙ፣ ጋራዥ ውስጥም ቢሆን አታስነሱት። ጭሱ ይገድላል።

ከዳላስ_መጪ

ወገኖቼ፣ ትናንት ሄጄ ቤቱን እንደገና አየሁት። ካርታውን ከፍቼ ነበር፤ ከባርከር በስተምዕራብ፣ በጣም ቅርብ ነው። ሳሎኑ እንከን የለውም፣ ቀለሙም አዲስ ነው። የሰንበት ልጅ የጻፈው ትዝ ብሎኝ ጋራዥ ገባሁ። ከውሃ ማሞቂያው ጀርባ ቀለም በደንብ አልደረሰም። በጣቴ ዳበስኩት። ግድግዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ስፌት የመሰለ መስመር አለ። ከላይ ያለው ሻካራ ነው፣ ከታች ያለው ለስላሳ። ሜትር አልያዝኩም ነበር፤ ቆሜ ስለካው ከእምብርቴ ትንሽ ከፍ ይላል። ሪልተሩን ጠርቼ «ይሄ ምንድን ነው?» ስለው ስልኩን ያይ ጀመር።

ለባለቤቴ ፎቶውን ላክሁላት። የመለሰችው «እ?» ብቻ ነው።

ነገ ሳይፕረስ በኩል ሌላ ቤት ላይ ቀጠሮ አለኝ። ሜትር ይዤ ነው የምሄደው።

ዘቢባ_ኬቲ

ባትሪም ያዝ። የጎረቤቱንም በር አንኳኳ፤ ረጅም ዓመት የኖሩትን ምረጥ። ቡና ካሉህ እንቢ እንዳትል።